ገና ያልቀዘቀዘ ድንጋይ

ልጄ ኤልሳቤት ከትምህርት ቤት ያመጣችው ወረቀት ሰባት ጥያቄ ነበረው። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «በትልቁ አዳራሽ ያሉትን ዓምዶች የቀባቸው ማን ነው?» ከሥሩ ለመልስ የተተወ የነጠብጣብ መስመር አለ።

ጥያቄውን ያነበብኩት ራሴ ነኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ማንበብ ከጀመርኩ ግን ሁለተኛ ዓመቴን ገና አልጨረስኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ሰፈር ውስጥ፣ ከእኔ በዕድሜ ከምታንስ ዛሂራ ከምትባል መምህር ዘንድ እማራለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ላንብብልሽ?» ስትለኝ እንቢ አልኳትና በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ልጆቹ ዓርብ የሚጎበኙት ቤት ስም ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ብራክንደን ሃውስ።

ያንን ቤት አውቀዋለሁ። ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ግድግዳው ውስጥ ነበር የምውለው።

አባቴ አሳምነው ቀለም ቀቢ ነበር። ሮለር ይዞ ግድግዳ የሚያነጣ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ሳለ ለገሠ ከሚባሉ ሽማግሌ እጅ ተምሮ፣ ጣውላን እብነ በረድ ማስመሰል የሚችል ሰው ነበር። ጆሃንስበርግ ስንገባ ይህን ሙያ የሚፈልግ አልተገኘም፤ አጥር ሲቀባ፣ የሱቅ መዝጊያ ሲቀባ ከረመ። ራጉኤል የሚባል ያገራችን ሰው፣ ኔል ለሚባል ነጭ ኮንትራክተር በአስተርጓሚነትና በተላላኪነት ይሠራ ነበርና፣ አንድ ቀን መጥቶ «ጋሼ፣ ያንተን እጅ የሚፈልግ ቤት ተገኘ» አለው።

እኔ አብሬው የሄድኩት ትምህርት ቤት የሚቀበለኝ ስላጣሁ ነው። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረንም። እናቴ እናትነሽ አንሶላና የአልጋ ልብስ ተሸክማ ሶዌቶ ውስጥ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ በዚያ ላይ እኔን ልታዝል አትችልም።

ቤቱ ፓርክታውን የሚባለው ሰፈር ሸንተረር ላይ ነው። አንድ እንግሊዛዊ የወርቅ ማዕድን ባለቤት፣ በአገሩ ገጠር ያሉትን የመሳፍንት ቤቶች አስመስሎ አሠራው። እነዚያ መሳፍንት ደግሞ ቤታቸውን የጥንት ግሪክንና የሮምን ቤተ መቅደስ አስመስለው ነበር ያሠሩት። ይህን ሁሉ የሚለው የልጄ ወረቀት ነው። እኔ ያኔ ያየሁት በአራት ረጃጅም ዓምዶች ላይ የተቀመጠ ባለሦስት ማዕዘን ግንባርና ከበሩ በላይ የተቀረጸ ጉንጉን ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሰለኝ። ደረጃው ላይ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ።

ራጉኤል ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ምነው ቤዛ! ቅዳሴ አለ እንዴ?»

«ተዋት» አለ አባቴ። «ጫማ ማውለቅስ አያስነውርም።»

ውስጡ የሠርግ ኬክ ይመስል ነበር። ግድግዳው ፈዛዛ አረንጓዴ፤ ኮርኒሱ ላይ ከጂብሰም የተሠሩ የአበባ ሐረጎች፣ ጆሮ ያላቸው ማሰሮዎች፣ ክብ ክብ ጌጥ ውስጥ ደግሞ የተቀረጹ፣ ዓይናቸው ብሌን የሌለው ሴቶች። ቅዱሳን መስለውኝ ተሳለምኩ። ከዚያ ዓምዶቹን አየሁ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ጫፋቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ። እሳት ማንደጃው አጠገብ ያለውን አቅፌ ጉንጬን አስጠጋሁበት። እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ጎረቤቱም እንደዚያው። ሦስተኛው ግን አይቀዘቅዝም። አራተኛውም።

«አባዬ! ይሄኛው ይሞቃል!»

አባቴ መወጣጫው ላይ ነበር። በጥርሱ የጅግራ ላባ ነክሷል። ላባውን ከአፉ አውጥቶ ወደ ታች አየኝና «ገና አልቀዘቀዘማ» አለኝ። «እነዚያ ሁለቱ አድገዋል፤ ቀዝቅዘዋል። እነዚህ አሁን እየተወለዱ ነው።»

ቀልዱን ነበር። ሁለቱ ብቻ በመርከብ የመጡ እውነተኛ እብነ በረድ ናቸው። አሥሩ ከጥንትም እንጨት ናቸው፤ ኩሽናው ተቃጥሎ ጭሱና ሙቀቱ የድሮ ቀለማቸውን ልጦት ነበር። አባቴ የመጣው እነሱን እንደገና ሊቀባ ነው። እኔ ግን ያለኝን አመንኩ። አባቴ ድንጋይ የሚያዋልድ ሰው ሆነ።

ሲሠራ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ግራጫ ነጭ ይቀባል። ሳይደርቅ በስፖንጅ ይዳብሰዋል። ከዚያ ላባውን ጠቆር ያለ ቀለም ውስጥ ነክሮ ከላይ ወደ ታች ይስባል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የታመመ መስሎኝ አለቀስኩ።

«ሆን ብዬ ነው» አለኝ። «የድንጋይ ደም ሥር ቀጥ ብሎ አይሄድም። እንደፈራ ሰው ነው፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ዞር ይላል። ጎን ለጎን ይወርዳል፣ ይገናኛል፣ ይለያያል። መስቀል ግን አይሠራም። መስቀል ከሠራ ሰው እንደቀባው ይታወቅበታል።»

አዳራሹ አራት ያማሩ በሮች ነበሩት፤ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። የግራዎቹን እጀታ ይዤ ብጎትት ብጎትት አልከፈት አሉኝ።

«አትድከሚ፤ ኋላቸው ግንብ ነው» አለኝ አባቴ። «እነዚህ ሰዎች ሚዛን ይወዳሉ። በቀኝ በር ካለ በግራም በር ይኖራል፤ ተከፈተ አልተከፈተ ግድ የላቸውም።»

ከዚያ ወደ ጥጉ ወሰደኝና ባዶውን ግድግዳ ተጫነው። ግድግዳው ተከፈተ። አረንጓዴው ቀለም፣ ጌጡ፣ ከወገብ በታች የሚዞረው እንጨት ሁሉ አብሮ ተከፈተ። ውስጡ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ የአይጥና የአሮጌ ሻማ ሽታ አለው። በድሮ ጊዜ አሽከሮች እንግዳ ሳያያቸው የሚመላለሱበት ነበር አሉ። የሚታየው በር አይከፈትም፤ የሚከፈተው አይታይም። ትልቅ ሰው ሆኜ ይህን ነገር በየቢሮው ደጃፍ ተሰልፌ ሳለሁ ስንት ጊዜ አስታወስኩት መሰላችሁ።

ሐሙስ ሐሙስ የቤቱ ባለቤት፣ ማዳሟ፣ ሥራውን ልታይ ትመጣለች። ሚስስ ፔምበርተን ይሏታል፤ ቀጭን፣ በከዘራ የምትሄድ ባልቴት ናት። የመኪናዋ ድምፅ ሲሰማ ራጉኤል ያጨበጭባል፤ አባቴ ላባውንና ቆርቆሮውን መሬት ላይ ትቶ፣ እጄን ይዞ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። በስንጥቁ እናያለን። በዋናው በር ከማዳሟ ጋር ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ቆቡን ያጋደለ ሰው ይገባል። ዓምዶቹን አንድ በአንድ ይዞራል። ዓይኑን አጥብቦ ያያል። በጣቱ እየጠቆመ ያወራል። ማዳሟ ራሷን ትነቀንቃለች።

«አባዬ፣ ማነው እሱ?» ብዬ አንሾካሾክሁ።

«እሽሽ። ትልቅ ሰው ነው» አለኝ። አፉ ውስጥ ሳቅ ይሁን ንዴት የታነቀ ነገር ነበር።

ጋዋን የሚለብስ የማውቀው ሐኪም ነው፤ መርማሪ ነው። ስለዚህ ባለጋዋኑ የድንጋይ መርማሪ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ፍርሃቱ የመጣብኝ ከሙዘሚል በኋላ ነው። ሙዘሚል እኛ ተከራይተን በምንኖርበት ፎቅ ጎረቤታችን ነበር፤ ሲያየኝ ሁልጊዜ ብስኩት ይሰጠኛል። አንድ ጠዋት ፖሊሶች ወሰዱት። ሴቶቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመው «ወረቀቱ ፎርጅድ ነበር» ሲባባሉ ሰማሁ።

«ፎርጅድ ምንድን ነው?» ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

«እውነት የሚመስል ውሸት ነው።»

«ታዲያ ከመሰለ ለምን ወሰዱት?»

«ስለመሰለ ነዋ! አሁን አንቺ ልጅ ጥያቄሽን ትተሽ ብዪ።»

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ማንም በሌለበት ሰዓት ዓምዶቹን በጣቴ አንጓ አንኳኳኋቸው። ሁለቱ ድምፅ የላቸውም፤ ጣቴን አሳመሙኝ። አሥሩ ግን «ኳ፣ ኳ» አሉ። እንጨት ናቸው። እውነት የሚመስሉ ውሸት። አባቴ ድንጋይ አያዋልድም፤ አባቴ ፎርጅድ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ሐሙስ ሐሙስ የሚደበቀውም ለዚህ ነው። መርማሪው አንድ ቀን ያንኳኳቸዋል፤ ያን ቀን አባቴን እንደ ሙዘሚል ይወስዱታል።

በዚያው ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ ከኋላ ደረጃ ተቀምጠን ዳቦ በፖሎኒ ቋሊማ እየበላን ሳለ አባቴና ራጉኤል ተጣሉ።

«ጋሼ፣ ማዳሟ ብታውቅ አለቀልን እኮ!» አለ ራጉኤል።

«ምኑን ብታውቅ?»

«ማን እንደሠራቸው ነዋ! ኔል እኔንም አንተንም ነው የሚያባርረን።»

«እና እስከ መቼ ነው ሐሙስ በመጣ ቁጥር ግድግዳ ውስጥ የምቀበረው? ከነልጄ?»

«ወረቀት የለህም። ማን ይስማህ? ቅባ፣ ብላ፣ እደር።»

«አፍህን ዝጋ በለኝ፣ እዘጋለሁ። እጅህ ያንተ አይደለም ስትለኝ ግን…» ዳቦውን አስቀመጠው። «እሱ አልዋጥልኝ አለ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማዳሟ ብታውቅ አለቀልን።

ባለጋዋኑ መርማሪ አልነበረም። ይህን የነገረኝ ራጉኤል ራሱ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የአባቴ ለቅሶ ላይ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ። ሰውየው የኔል የሚስቱ ወንድም ነበር፤ ያገለገለ መኪና ነጋዴ። ማዳሟ ሥራውን የሰጠችው ከጣሊያን የመጣ ሊቅ ይቀባዋል ተብላ ነው። ሊቁ ከየት ይምጣ? ስለዚህ የሚስቱ ወንድም ሊቁን መስሎ እንዲቆም ለሐሙስ ሐሙስ ጋዋን ተገዛለት። አባቴ የተደበቀው ከሕግ አልነበረም። የራሱን ሥራ ሌላ ሰው ሲወስደው በስንጥቅ እንዲያይ ነበር የተደበቀው። ራጉኤል ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣሁትም። «ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ» ብቻ አልኩት። «ያኔማ ፈሪ ነበርኩ፣ ልጄ» አለኝ።

ሥራው ያለቀ ዕለትም ሐሙስ ነበር። ማዳሟ ከሰዓት በኋላ ሃያ የሚሆኑ እንግዶች ጠርታ ነበር። ግድግዳው ውስጥ ቆመናል። እኔ ከፊት፣ አባቴ ከኋላዬ፣ ሁለት እጁ ትከሻዬ ላይ። የተርፔንታይን ሽታው ከላቡ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። በስንጥቁ ጫማዎች፣ የሐር ቀሚሶች፣ ብርጭቆ የተሸከሙ ትሪዎች ይታዩኛል። ራጉኤልም ነጭ ጓንት አድርጎ ትሪ ይዟል።

ባለጋዋኑ መሐል ቆሞ ያወራል። ሰው ይስቃል።

ከዚያ አንዱ አሳላፊ ሲዞር የትሪው ጠርዝ ዘጠነኛውን ዓምድ መታው። ጥፍር የምታክል ቀለም ተፈነቀለች። ነጭ እንጨት ታየ።

ማዳሟ ወደ ዓምዱ ቀረበችና በከዘራዋ ጫፍ ቦታውን ጠቆመች። ከዚያ ለባለጋዋኑ አንድ ነገር አለችው። ሰዎቹ ክብ ሠሩ። አንድ ሰው ሄዶ የአባቴን ቆርቆሮ፣ ስፖንጅና ላባ አምጥቶ ለባለጋዋኑ ሰጠው።

«አሁን አስተካክለው፤ እንይህ» ነበር ያለችው። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የገባኝ። መርማሪው እንጨቱን አየ። ላባውን እንደ እስክሪብቶ በእጁ ይዟል። አሁን የአባቴን ስም ይጽፋል። አሁን ይወስዱታል።

የአባቴ እጅ ከትከሻዬ ላይ ተነሣ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሩን በሁለት እጄ ገፋሁትና ሮጥኩ።

አንዲት ሴት ጮኸች። ግድግዳው ተከፍቶ ባዶ እግሯን የሆነች ጥቁር ልጅ ስትወጣ ማን አይጮህም? እኔ ዓምዱ ጋ ደርሼ ጀርባዬን ሰጥቼው እጆቼን ዘረጋሁ፤ የተፈነቀለችዋን ቦታ በራሴ ሸፈንኳት።

«ውሸት አይደለም!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። «አባቴ ነው የሠራው! ገና ስላልቀዘቀዘ ነው!» ማንም እንዳልገባው ሳይ የማውቀውን እንግሊዝኛ ሁሉ አወጣሁት፦ «ማይ ፋዘር! ኖት ፎርጅድ! ማይ ፋዘር!»

ማዳሟ ወደ ራጉኤል ዞረች። ምን አለች ነው የምትለው። ራጉኤል ፊቱ አመድ መስሏል። አፉን ከፍቶ «ጠፍታ ነው፣ የሠራተኛ ልጅ ናት» ብሎ ሲጀምር፣ ከኋላ በኩል የአባቴ ድምፅ መጣ።

«ራጉኤል! እንዳለችው ተርጉም።»

አባቴ ከግድግዳው ወጥቶ ቆሟል። ቀለም የነካካው ሸሚዙን ለብሶ፣ ጸጉሩ ላይ አቧራ። አልሮጠም፤ አንገቱንም አልደፋም። በሰዎቹ መሐል አልፎ መጣ። ባለጋዋኑ ፊት ቆመና እጁን ዘረጋ። ሰውየው ላባውን ሰጠው፤ ሁለት እጁንም የጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተ።

አባቴ ተንበረከከ። ቀስ ብሎ ወደ ጎን ገፋኝና ግራጫውን ቀባ፣ በስፖንጅ ዳበሰ፣ ላባውን ነከረ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ የደም ሥሯ ከላይ ከተቋረጠችበት ወረደች፣ ቆመች፣ ዞር አለች፣ ከታች ካለችው ጋር ገጠመች። ደቂቃዎች ብቻ ፈጀበት። ቁስሉ ጠፋ።

ከዚያ ላባውን ለእኔ ሰጠኝ።

«በይ፤ ምስክር ፊርማውን ያኖራል» አለኝ።

«መጻፍ አልችልም እኮ።»

«ማን ጻፊ አለሽ? ደም ሥር ሳቢ።»

ሳብኩ። ክንዴ አጭር ነው። ከላይ ወደ ታች ልውረድ ስል ወደ ጎን ሄደችብኝ፤ የእሱን ደም ሥር አቋርጣ አለፈች። መስቀል ሠራች። አባቴ መጀመሪያ ያስጠነቀቀኝ ነገር ነው።

«አበላሸሁት! ላጥፋው?»

አባቴ ሳቀ። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፁን አውጥቶ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ተዪው» አለ። «ፊርማ ነው።»

ማዳሟ መነጽሯን አውልቃ አባቴን አየችው። ስሙን ጠየቀችው። ነገራት። ልትደግመው ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንደገና ሞከረች።

ኔል ግን ውጭ ይጠብቀን ነበር። በዚያው ሰዓት ተባረርን። ራጉኤል እየሮጠ መጥቶ «በኋላ በር ውጡ ብሏል» አለ። አባቴ ባልዲውን አነሣ። «በግድግዳ የገባሁት ይበቃኛል» አለና በዋናው በር፣ በአራቱ ረጃጅም ዓምዶች መሐል፣ እጄን ይዞ ደረጃውን ወረደ። ጫማዬን ውስጥ ረስቼው ነበር። እስከ ታክሲው ድረስ አዘለኝ።

እናቴ ስትሰማ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። «ምላስሽ እንጀራችንን ቆረጠው» አለችኝ። ደክሟት፣ እግሯ አብጦ የተናገረችው ነው፤ አሁን እናት ሆኜ አልፈርድባትም። እኔ ግን ያን ቃል ዋጥኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ሰው ፊት አልናገርም ነበር። አባቴን ያጋለጥኩት እኔ ነኝ፤ በሩን ገፍቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ሥራ አላገኘም። ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር የሱቆች ግድግዳ ላይ ዳቦና የስልክ ካርድ ሲስል ኖረ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሶዌቶ ውስጥ ሽኩር ለሚባል ባለሱቅ የእንጨት ባንኮኒውን እብነ በረድ አደረገለት። ልጆች ሳንቲማቸውን ከማውጣታቸው በፊት ይዳብሱት ነበር። ስለዚያ ሐሙስ ግን አንድ ቀን አልወቀሰኝም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩትም። ሳልጠይቀው ሞተ።

ዓርብ ዕለት ከልጆቹ ጋር ሄድኩ። ረዳት ወላጅ ያስፈልጋል ሲባል መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሹራብ፣ ሦስት ውሃ፣ የፈቃዱን ወረቀት በፕላስቲክ አድርጌ ያዝኩ። ልጄ «እማዬ፣ አውሮፕላን አይደለም እኮ የምንሄድበት» እያለች አፈረችብኝ።

አስጎብኚዋ ታንዲ የምትባል ወጣት ናት። ማዳሟ ዓምዶቹ በተቀቡበት ዓመት እንደሞተች፣ ቤቱን ማኅበር እንደያዘው፣ ታሪኩ የተጻፈው ከኮንትራክተሩ መዝገብ እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ ዘጠነኛው ዓምድ ጋ አቆመችን።

«ዓምዶቹን የቀባው ጣሊያናዊ ሊቅ ነው» አለች። ልጆቹ እርሳሳቸውን አወጡ። «እዚህ ታች ተመልከቱ። ይህች ደም ሥር ሌላዋን ታቋርጣለች። በተፈጥሮ እንዲህ አይሆንም። አዋቂዎች እንደሚሉት ሊቁ ሆን ብሎ የተዋት ስሕተት ናት፤ ምስጢራዊ ፊርማው።»

ሰው ፊት መናገር ዛሬም ይከብደኛል፤ እንግሊዝኛዬም የገበያ እንግሊዝኛ ነው። ልጄ ደግሞ ከጓደኞቿ መሐል ሆና፣ እባክሽ እማዬ በሚል ዓይን እያየችኝ ነው።

«ሆን ተብሎ አይደለም» አልኩ። «ክንዴ አጭር ስለነበረ ነው።»

ታንዲ በትሕትና ፈገግ አለች። «ይቅርታ፣ ምን አልሽኝ?»

«የሳብኳት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሌላውን በሙሉ የቀባው አባቴ ነው። አሳምነው ይባላል። ጣሊያንን በዓይኑ አላያትም።»

ልጆቹ ተንጫጩ። መምህራቸው ሰዓቷን አየች። ታንዲ «መዝገቡ እንዲህ አይልም፣ እህቴ» አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም። ወደ ጥጉ ሄጄ ባዶውን ግድግዳ በመዳፌ ዳበስኩት። ስንጥቁ እዚያው ነው። ጥፍሬን አስገብቼ ሳብኩ፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

የታንዲ ፈገግታ ጠፋ። «ይህን በር ከሠራተኛ በቀር የሚያውቀው የለም» አለች። በሌላ በኩል ዞራ ሄደችና ከውስጥ ከፈተችልን። የአይጥና የአሮጌ ሻማ ሽታው ወጣ። ልጄን ይዤ ገባሁ። ራሴ ወደ ቆምኩበት ቦታ ሄጄ፣ ልጄን ከፊቴ አቆምኳት። እሷም ስምንት ዓመቷ ነው።

«እዚህ ነበርኩ» አልኳት። «በሩን ገፍቼ ወጣሁ።»

«በምን ከፈትሽው?» አለችኝ።

ዓይኗን ተከትዬ ወደ ላይ አየሁ። የብረቱ መቀርቀሪያ ከራሴ በላይ ነው። ልጄ በጣቷ ጫፍ ቆማ እጇን ዘረጋች፤ ስንዝር ያህል ጎደላት።

«ሆን ተብሎ ነው ከፍ የተደረገው» አለች ታንዲ። «በድሮ ጊዜ የአሽከሮቹ ልጆች ከፍተው እንግዳ ፊት እንዳይወጡ።»

ቀጭ። ከትከሻዬ የተነሣው እጅ ያኔ የት እንደሄደ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ገባኝ። እሱ ነበር የከፈተው። ሊወጣ ሲል ቀደምኩት ይሁን፣ እንድቀድመው ጠብቆኝ ይሁን፣ ያን አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም። ግን ከፍቶ ነበር። አባቴ በእኔ ምላስ የተጋለጠ ሰው አልነበረም። ልጄ እስክትጎትተኝ ድረስ መቀርቀሪያውን ይዤ ቆምኩ።

አዳራሹ ውስጥ ተመልሰን ታንዲ ስሙን በስልኳ ላይ አስደጋግማ ጻፈችው። ለቢሮው እንደምትናገር ነገረችኝ። ትናገር አትናገር፣ እኔ ግን ልጄን «ወረቀትሽን አምጪ» አልኳት። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በአራተኛው ጥያቄ ሥር በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ የአባቴን ስም ጻፍኩ። ከነጠብጣቡ መስመር ወጣብኝ፤ እስከ አምስተኛው ጥያቄ ወረደ።

«እማዬ፣ ቲቸር ኤክስ ታደርግብኛለች እኮ!»

«ታድርግ።»

ልጄ ዓምዱ ጋ ሄዳ ጉንጯን አስጠጋች። አልነገርኳትም፤ ራሷ ነው ያደረገችው።

«ይሄኛው ይሞቃል» አለችኝ።

«ገና አልቀዘቀዘማ» አልኳት።

ወረቀቱ ሰኞ ተመለሰ። አራተኛው ጥያቄ ላይ መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ አድርጋበታለች፤ ሁለት መስመር፣ አንዱ ሌላውን አቋርጦ። ነገ ትምህርት ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ፤ የምላቸውን ከአሁኑ እየተለማመድኩ ነው። ልጄ ግን ላጲስ ይዛ መጥታ «ላጥፋው?» አለችኝ።

«ተዪው» አልኳት። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።